የማጣሪያው ጠረጴዛ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዝምታ ወዳድ ነበረች፤ ማሳል ያማረው ውጭ ወጥቶ ይሳል የምትል ዓይነት። ስልክ መጣና አንባቢው ሁሉ እብስ አለ፤ እሷና መደርደሪያው ተፋጠው ቀሩ። እሷን ከወንበሯ ያስነሣት ግን ይህ አልነበረም። ታናሽ እህቷ «ይህን ቅጠል የጠጣ የስኳር መርፌ አያሻውም» የሚል የስልክ መልእክት አምና መርፌዋን ተወችና ከሞት አፋፍ ተመለሰች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ እህት እያላት! እትዬ በገዛ ራሷ ተናደደች።

እህቷ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት በሩ አጠገብ አንድ ጠረጴዛና ኮምፒውተር አኖረች። የፈለገ ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል፤ የደረሰውን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከዚያ ማን ጻፈው፣ ፎቶው ከየት መጣ፣ መጻሕፍቱስ ምን ይላሉ እያሉ አብረው ይበረብራሉ። ውጤቱ በሩ ላይ ይለጠፋል፦ እውነት ወይም ውሸት። ያ ጭር ያለ ቤት ገበያ ሆነ። አንድ ጡረተኛ ሹፌርማ ውሸት በያዘ ቁጥር ጠረጴዛውን በጡጫ ይነርተው ነበር።

አንድ ቀን የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ፣ ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስተዳድረው ቢሮ ኃላፊ በፌስቡክ ገጹ የለጠፈውን ፎቶ ይዛ መጣች። ዙሪያውን መስታወት የለበሰ ሕንፃ ነው። «የሰፈራችን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ» ይላል። እንደ ልማዳቸው በረበሩ። ሕንፃው የሌላ አገር የገበያ አዳራሽ ሆኖ ተገኘ።

«ይለጠፍ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

እትዬ ፈራች። የሥራዋ ዕድሜ በዚህ ሰው ፊርማ ላይ ነው።

«የቅጠሉን ለጥፈን የሹሙን ከደበቅን ነገ ማን ያምነናል?» አለችና ራሷ ለጠፈችው።

ኃላፊው ከተፍ ለማለት አልዘገየም።

«እትዬ፣ ተሳስቼ ነው ብለው ያንሡት፤ እኔም እንዳላየሁ አልፋለሁ።»

«የተሳሳተው ማን ሆነና?»

«ሕንፃው እኮ ወደፊት ይሠራል!»

«ሲሠራ እውነት ብዬ እለጥፍልዎታለሁ።»

ሹፌሩን ሳቅ አመለጠው። ያን ጊዜ አንቱታው ቀረ።

«ቁልፉን አስረክቢ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ሥራ የለሽም!»

ቁልፉን መዳፉ ላይ አኖረችለት። እሱ ፊት ከማልቀስ ሞቷን ትመርጣለች። ሹፌሩና ፀጉር ሠሪዋ ጠረጴዛውን ግራና ቀኝ ይዘው ሊከተሏት ሲሉ ኃላፊው «የመንግሥት ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ተዉለት» አለች፤ «እኛ እግር አለን።»

በማግስቱ ጠዋት ከተቆለፈው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ቆመች። ሹፌሩ መጣ፣ ፀጉር ሠሪዋም መጣች። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ልጅ ያዘለች እናት ስልኳን ዘርግታ ደረሰች።

«እትዬ፣ ኃላፊው አሁን የለጠፈው ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ለእድሳት ተዘግቷል ይላል። እውነት ነው?»

እትዬ መነጽሯን አደረገች።

«ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለቻት፤ «ሰፈሩ ይስማ።»