አፌ አይመጥንም

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ ላየው ሰው ትሕትና የሚባል ነገር በደጁ ያለፈ አይመስልም። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ሌላ ሰው የሰፋውን ኮት እያገላበጠ «ይህን ማን ነው ያበላሸው?» ይላል። መቀሱን ውድ ሱፍ ላይ ሲያሳርፍ እጁ አያመነታም። አንዲት ደንበኛ ትችለዋለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው ጨርቋን አጣጥፎ መለሰላትና የሚችል ካገኘሽ ወደዚያ ውሰጂው አላት። በማግስቱ ይቅርታ ብላ ተመለሰች።

ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። በሩ አጠገብ ያለችው የመጨረሻ ወንበር ላይ ጥግ ይይዛል። ጸልይ ሲሉት አንገቱን ይደፋል። «እኔ ማን ነኝና» የዘወትር መልሱ ነው። ሰዉ ይህን ወደደለት፤ ሰባኪው ሳይቀሩ ከመድረክ ላይ ሆነው በምሳሌነት ያነሱታል። እኔ አንጀቴ እርር ይል ነበር። እህቴ ግን ትስቃለች። ተዪው፣ እግዚአብሔርን እንደ ባለሥልጣን ነው የሚፈራው፣ ቀጠሮ ሳይዝ አይገባም ትለኛለች።

ከዚያ ታመመች። ጉበቷ ነበር። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ ቤቷ ብትሆን ይሻላል ብለው ሰደዱን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ እሷም ገባት። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አደረግንላት። እሱ የስፌት መኪናውን ከሱቅ አስመጥቶ እግርጌዋ ተከለው። በከሳች ቁጥር የሌሊት ልብሷን ግራና ቀኝ ያጠብብላታል፤ ስፌቱ ጎኗን እንዳይቆረቁራት ውስጡን በለስላሳ ጨርቅ ይለብደዋል። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ብጠራጠር ኖሮ ይህን ያህል ባልተቃጠልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከንፈሯን በጥጥ እያራስኩላት ሳለ ጠራችው። መኪናውን አቆመ።

«አንድ ነገር ልለምንህ» አለችው። «ጸልይልኝ።»

ሁልጊዜም እንደሚጸልይላት ነገራት።

«በልብህ አይደለም። ጆሮዬ እየሰማ፣ ስሜን ጠርተህ። ፈርቻለሁ።»

እኔ ታላቋ ነኝ፤ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። ፈራሁ ስትል ግን ሰምቼ አላውቅም። እሱ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው። ከዚያ የተለመደውን ጀመረ። አፌ አይመጥንም አለ። ነገ ይደርሳል እያለ ደንበኛ ሲያታልል የሚውል አፍ፣ በእንዲህ ያለ ሰዓት እግዚአብሔር ፊት እንዴት ይከፈታል አለ። በእኔ ኃጢአት ጸሎቱ ሳይሰማ ቢቀርስ፣ ዕዳው ላንቺ ቢተርፍስ አላት። ይልቅ ሰባኪውን ልጥራልሽ፣ የእሳቸው ጸሎት ይሰማል አላት።

«እኔንም ነገ ልትለኝ ነው?» አለችው።

ፈገግ ብላ ነበር ያለችው። እሱ ግን ዓይኑ እንባ ሞላ። እጇን ዘረጋችለት።

«ሰባኪው እኮ አያውቁኝም። የምታውቀኝ አንተ ነህ። ጌታ ሆይ፣ ሚስቴ ፈርታለች በለው። ሌላ አልፈልግም።»

አፉን ከፈተ። በዓይኔ አየሁት፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እኔ በሆዴ በል፣ በል፣ በል እለዋለሁ። መልሶ ዘጋው። ኮቱን ከወንበር አነሳና መጣሁ ብሏት ወጣ።

ቆየ። ሰባኪው የሚኖሩት ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው። እህቴ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም። ትንፋሿ እየቆየ፣ እየተቆራረጠ መጣ። እኔ ልጸልይልሽ ብያት ጸለይኩ፤ እጄንም ጨበጥ አደረገችኝ። የፈለገችው ግን የእኔን እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰባኪው መጡ። ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ሥራቸውን ትተው ነው የመጡት። እግርጌዋ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፣ ድምፃቸውም ክፍሉን ሞላው። ይህችን እህታችንን አስባት አሉ፤ ባሪያህን አስባት አሉ። ያማረ ጸሎት ነበር። ስሟ ግን አንድም ጊዜ አልተጠራበትም። የእህቴ ባል ከኋላቸው ግድግዳ ተደግፎ፣ አንገቱን ደፍቶ አሜን ይላል፤ አሜኑንም ቢሆን ቀስ ብሎ። አንድ እርምጃ ቢራመድ እግሯን ይነካል። ና ጠጋ በል ብዬ ጠቀስኩት። በአገልጋይና በጌታ መካከል አልገባም ብሎ ነው መሰለኝ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ጸሎቱ አለቀ። ሰባኪው ትከሻውን መታ መታ አድርገው እንዲበረታ መከሩትና ወደ በሩ ሄዱ። እሱም ተከተላቸው። እንዲህ ያሉ ሰው ደክመው መጥተው ብቻቸውን እንዲወጡ መተው ለእሱ ነውር ነው። ድምፁ በመስኮቱ ይሰማኛል። ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ ይላል። እኔ ከንቱ ነኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር ይላል።

እህቴ ዓይኗን ገለጠች።

«ጨረሱ?»

«ጨረሱ» አልኳት።

«እሱስ? አሁን ይጸልይልኝ።»

ውሸት ቶሎ አልመጣልኝም።

«እየሸኛቸው ነው።»

እሺ እንደማለት ዓይኗን ጨፈነችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ደጅ ሆኖ አሁንም እያመሰገናቸው ነበር። አመስግኖ አይጠግብም። እጇ እጄ ውስጥ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደ። ስሟን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፍኩላት።

የግቢው በር ሲዘጋ ሰማሁ። ገባ፤ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለ። ፊቱ ላይ ከብዙ ጊዜ በኋላ ዕረፍት አየሁ። የተኛች መስሎት እንዳይቀሰቅሳት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተመስገን» አለኝ፤ «የሚገባትን ጸሎት አገኘች።»