ከወንበሩ ያልተነሳው አባት

ዳቦ ጋጋሪው ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ወላጅ በተጠራ ቁጥር የምትሄደው ሚስቱ ነበረች። ያን ቀን ግን ከሥራዋ ፈቃድ ስላጣች፣ «ዛሬ ተራው ያንተ ነው፤ ሂድና የሚሉህን ሰምተህ ና» አለችው። ሚጢን፣ አንድያ ልጁን፣ ጎረቤት አስቀመጠና እንቅልፉ ከዓይኑ ሳይለቀው ወጣ።

ወላጆች ከሁለተኛ ክፍል በር ላይ ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ተራው ደርሶ ሲገባ፣ ዘንድሮ ሥራ የጀመረችው ወጣት መምህርት ብድግ ብላ ተቀበለችው።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብላ የልጆች ወንበር አሳየችው።

ዳቦ ጋጋሪው የዱቄት ጆንያ ሲሸከም የኖረ፣ በር የሚሞላ ሰውዬ ነው። ወንበሩ ደግሞ በግራም በቀኝም መደገፊያ ያለው፣ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሠራ። እንደምንም ተጨናንቆ ገባበት።

«ሚጢ ጎበዝ ናት፣ ጨዋ ናት፤ የቤት ሥራዋን አታጓድልም» አለች መምህርቷ። «በቃ ይኸው ነው።»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሊነሳ ሲል ወንበሩም አብሮት ተነሳ። ክው ብሎ መልሶ ቁጭ አለ።

ወረቀቶቿን ስትሰበስብ የነበረችው መምህርት ቀና ስትል ሰውዬው እንደተቀመጠ ነው። አልረካም ማለት ነው ብላ አሰበች። «ሒሳብም... ሒሳብም ጥሩ ናት» አለች። እሱ ራሱን እየነቀነቀ ከጠረጴዛው በታች ወንበሩን በሁለት እጁ ይገፋል። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። «ሥዕልም ትወዳለች» ብላ ጨመረች። ትንፋሹን ውጦ ሲገፋ ፊቱ ተኮሳተረ።

መምህርቷ ተሸነፈች። «እሺ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ፈርቼ ነው እንጂ ያሳሰበኝ ነገር አለ።»

ዳቦ ጋጋሪው ትግሉን ተወ።

«ሚጢ ክፍል ውስጥ ድምጿ አይሰማም። መልሱን እያወቀችው በሹክሹክታ ነው የምትናገረው። ጮክ በይ ስላት ምን አለችኝ መሰለዎት? ‹አባዬ ይነቃል።›»

ቤቱ ቀን ቀን ጭጭ የሚለው ሰፈሩ ጸጥተኛ ስለሆነ ይመስለው ነበር። ለካ ልጁ ናት በእግሯ ጣት እየሄደች የምታስተኛው።

«እንኳን ነገሩኝ» አለ። «እኔም እውነቱን ልንገርዎት። ያልተነሳሁት ወንበሩ አልለቅ ብሎኝ ነው።»

መምህርቷ አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋ አመለጣት። ውጭ ተራ ከሚጠብቁት ሁለት አባቶች ተጠርተው፣ አንዱ እሱን ሌላው ወንበሩን ይዘው ጎትተው አላቀቁት።

ቤት እንደደረሰ አልተኛም። ሚጢን ከጎረቤት አምጥቶ የንባብ መጽሐፏን አስያዛትና ራሱ ጓሮ ወጥቶ ቆመ።

«አንብቢልኝ!»

ከውስጥ እንደ ትንኝ ድምፅ ያለ ነገር መጣ።

«አልሰማሁም!»

ትንሽ ጨመረች።

«አሁንም አልሰማሁም፣ የኔ እመቤት!»

«ላሟ ሣር ጋጠች!» ብላ አንባረቀችው።

ከሥራ የምትመለሰው እናቷ ጩኸቱን ከመንገድ ሰምታ እየሮጠች ገባች። «ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም፣ እማዬ» አለች ሚጢ፣ ጉንጯ ቀልቶ፤ «ላሟ ናት።»

ዳቦ ጋጋሪው ያን ሌሊት እያዛጋ ዳቦውን ጋገረ። ከዚያ ወዲህ የሚተኛው ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ነው።