አራት ወንበሮች

የስፌት መኪና የሚሰጣቸውን ችግረኛ ሴቶች የምመርጠው እኔ ነኝ። ዛሬ የአንዲት ልብስ አጣቢ ቤት ገባሁ። አራት ወንበሮች ዳንቴል ለብሰው ተደርድረዋል።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለችኝ። እጇን ሳሙና ልጦታል።

ችግረኛ ነኝ ብላ ልታሞኘኝ ነው ብዬ ደሜ ፈላ። እዚያው ተቀምጬ፣ «ደህና ኑሮ አላት» ብዬ ጽፌ ስሟን ሰረዝኩት። እሷ አመስግና በሩ ድረስ ሸኘችኝ።

ደክሞኝ ቤቴ ስገባ መቀመጫ አጣሁ።

«እማዬ፣ ወንበሮቹስ?»

«ለአንዲት ልብስ አጣቢ አዋስኳት። ከቢሮ ሴትዮ ትመጣብኛለች፣ መሬት አስቀምጬ እንዳላፍር ብላ ለምናኝ ነው። ከሳጥን ዳንቴል አውጥቼ አለበስኩላት። ሴትዮዋ መጥታላት ይሆን፣ ልጄ?»

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ።