ውዴ የመረጠችው ማሽን

«እማዬ፣ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?»

ልጇ ሚልኬሳ ይህን ሲጠይቃት ውዴ ስለ ማሽን የምታውቀው ነገር አልነበረም። የምታውቀው ልጇና ጓደኛው ኤጀታ ቀበና ባለው ቤቷ ሳሎን ውስጥ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን በኮምፒውተር ሲሥሉ እንደሚውሉ፣ አሮጌው ማሽን እንደደከመባቸውና በጋራ በሚገዙት አዲሱ ላይ መስማማት እንዳቃታቸው ብቻ ነበር። ጊዜው 2008 ዓ.ም. ነው።

ያለቁትን ሥዕሎች አጥርቶ የሚያወጣው ኤጀታ፣ ዚኦን የሚባል ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል፣ ያለው ዎርክስቴሽን፣ ለከባድ ሥራ የሚሆን ትልቅ ማሽን ይሁን ይላል፤ ብዙ ሥራ በአንዴ ይሸከማል፣ ሳይጠፋ ቢሰነብት አይደክመውም። ሚልኬሳ ደግሞ ኮር አይ ሰቨን የሚባል ፕሮሰሰር ያለው ተራ ዴስክቶፕ ይሻላል፣ እጅ ላይ ፈጣን ነው ይላል። ተከራክረው ተከራክረው ሲሰለቻቸው ኤጀታ፣ «እትዬ ውዴ ይፍረዱን። እሳቸው ካሉ በኋላ ወደኋላ የለም» አለ። ሚልኬሳም እሺ አለ።

ውዴ ጨነቃት። ኤጀታ አዳማ ቢሮ ሊከፍት እንደሆነ ሰምታለች፤ ልጇን ይዞባት እንዳይሄድ ትፈራለች። በዚህ ዕድሜዋ ፊደል በምትቆጥርበት የቤተ ክርስቲያን ክፍል ውስጥ እንኳ አስተማሪዋ ጵርስቅላ ስትጠራት አልሰማ ይላት ጀመር።

ቅዳሜ ሦስቱም ሲግናል ሰፈር ወዳለው የሳልህ የኮምፒውተር ሱቅ ሄዱ። ወጣቶቹ ከሳልህ ጋር ሲያወሩ ውዴ ዴስክቶፑን ቀስ ብላ አነሳችው፤ ተነሳላት። ዎርክስቴሽኑን ሞከረች፤ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ሳሎን ከገባ ማን ያወጣዋል? ልጄም አብሮት ይቀመጣል ብላ አሰበች።

«ይሄኛው ይሁን» አለች እጇን ዎርክስቴሽኑ ላይ ጭና።

«ይባረኩ እትዬ» አለ ኤጀታ እየሳቀ። «በቃ፣ አዳማ ቢሮ እናስቀምጠውና እኔና ሚልኬሳ እየተፈራረቅን እንሠራበታለን።»

ውዴ እጇን ከማሽኑ ላይ አነሳች። ልጇን በገዛ አፏ ሸኘችው። ሳልህ ፊቷን አይቶ ወንበር ሳበላትና ወደ ልጆቹ ዞረ። «ሱሪ እንኳ ተለክቶ ነው የሚገዛው። ሥራችሁን ሞክሩበት እንጂ።»

ሚልኬሳ ሥራቸው ያለበትን ፍላሽ ከኪሱ አወጣና አንዱን የሕንፃ ሥዕል በሁለቱም ማሽኖች ላይ ከፈተው። ያለቀውን ሥዕል አጥርቶ በማውጣት ዎርክስቴሽኑ ቀደመ። ሚልኬሳ ሕንፃውን በማውስ ሲያዞረው ግን ያዝ ያዝ ያደርገዋል። በዴስክቶፑ ሲያዞረው ምንም አላደናቀፈውም።

«አንተ ትሥላለህ፣ እሱ አጥርቶ ያወጣል» አለ ሳልህ ሚልኬሳን። «ሥራችሁ ሁለት ሆኖ ሳለ በአንድ ማሽን ምን ያጣላችኋል? ይሄ ከባዱ ያገለገለ ስለሆነ ርካሽ ነው፣ ገንዘባችሁ ለሁለቱም እንዲደርስ አደርጋለሁ።»

«እንዴ፣ እትዬ ፈርደዋል እኮ» አለ ኤጀታ።

ሁሉም ወደ እሷ አዩ። ውዴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ የፈረድኩት ክብደቱን አይቼ ነው። እሱ ከቤት ካልወጣ ልጄም አይወጣም ብዬ።»

ሳልህን ሳቅ አመለጠው። «እናቴ፣ ስንት ዓመት ስሸጥ ፕሮሰሰር በማንሳት የመረጠ ሰው ዛሬ ገና አየሁ።»

«አዳማ እሄዳለሁ ብዬሻለሁ እንዴ እማዬ?» አለ ሚልኬሳ።

«አላልከኝም። ዝም ስትል ነው የፈራሁት።»

«ዝም ያልኩት እንደማልሄድ ለኤጀታ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጠፍቶኝ ነው። ሥራው የትም ሆኜ ይሠራል።»

ኤጀታ አንገቱን ነቀነቀ። «እኔስ ትቀራለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው የማልፈልገው መስሎት ያዝንብኛል ብዬ ነበር። በሉ እትዬ፣ ፍርዱን ያንሱልን።»

«አንስቻለሁ» አለች ውዴ። ከዚያም ዴስክቶፑን ብድግ አደረገችው።

በታክሲ ሲመለሱ ዴስክቶፑን ለማንም አልሰጠችም፤ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቅልል ማለቱ ደስ አላት።

ከዚያ ወዲህ ሚልኬሳ ሥሎ ሲጨርስ ፋይሉ ለኢንተርኔቱ ስለሚከብደው ፍላሹን በአዳማ ሚኒባስ ሾፌር እጅ ይልከዋል። ፖስታው ላይ «ለኤጀታ፣ አዳማ» ብላ የምትጽፈው ውዴ ናት። ኤጀታ ዎርክስቴሽኑን ይዞ አዳማ ሄዷል፤ ሚልኬሳ ቀበና ቀርቷል።