የመንኮራኩሯ ሦስተኛ እግር

ሚስቱ ሸሚዙን እየተኮሰች ደጋግማ የነገረችው አንድ ነገር ነው። «ዛሬ እንኳ ሆድ ይፍጀው በል። ዕቃ ገማቹ ይገምት፣ ታላቅህ ጋሼ ያውራ፤ አንተ ፈርመህ ድርሻህን ይዘህልኝ ና። በር ያለው ሱቅ እንከራይና ከዚያ በኋላ የፈለግኸውን ሰው ተቆጣ።»

«እሺ» አላት። እሺ ማለት ለእሱ አዲስ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን እሺ ሲል ነው የኖረው።

ሰውየው ራዲዮ ጠጋኝ ነው። የሚሠራው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር ነው፤ ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር አቧራው እየረገፈ ከፈታው ራዲዮ ሆድ ይገባል። ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። ቤተሰቡ ግን አንድም ቀን ጠጋኝ ብሎት አያውቅም። ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ስሙ «እጀ ሰባራ» ነው።

ይህም ስም የወጣለት ዛሬ ለሽያጭ በምትገመተው የአሻንጉሊት መንኮራኩር ሰበብ ነው። አባታቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ከወደብ ሲመለስ ለበኩር ልጁ ይዞለት መጣ። ያኔ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ተከታታይ የጠፈር ፊልም ነበር፤ አሻንጉሊቷ የዚያ ፊልም መንኮራኩር ናት። አመድማ፣ አፍንጫዋ ሾጠጥ ያለ፣ ሆዷ ሥር ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሏት። ፊልሙን ታላቁ ክፍል በክፍል አየው። ታናሹ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ የሚሰጣቸው የአንድ ሰው መግቢያ ብቻ ነበራ! «ለታናሽህ ትተርክለታለህ» ተብሎ። ሲተርክለትም አጭበረበረው፤ የሞተውን ዳነ፣ የዳነውን ሞተ ይለው ነበር።

አንድ ቀን ታላቁ ብልጭ አለበትና መንኮራኩሯን አንስቶ በታናሹ ግንባር ላይ ወረወራት። ግንባሩ ተፈነከተ፣ አንድ እግሯም ተሰበረ፤ ስባሪው በወለሉ ሳንቃ ሽንቁር ገብቶ ቀረ። አባት ሲገባ ታላቁ ቀድሞ «እሱ ነው የሰበራት» አለ። ታናሹ ግንባሩ እየደማ ተገረፈ። በማግስቱ የእናቱን አመድማ ማበጠሪያ ሰረቀ። ቆረጠው፣ በጡብ ሞረደው፣ በጥርስ ሳሙና ወለወለው፤ ሁለቱን እግሮች እያየ ሦስተኛውን አበጀላት። ልክክ አለ። ለማበጠሪያው ደግሞ ሌላ ግርፊያ ቀመሰ። እግሩን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እናትየው መንኮራኩሯን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባት።

አባት ሲሞት ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ታናሹ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ካቻቢቴ ጨበጠ። በዚያ ካቻቢቴ ገቢ የተማረው ታላቁ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። እናታቸው ዘንድሮ ስታርፍ «ለሁለታችሁ ናት» ብላ ባትሄድ ኖሮ፣ ለዛሬውም ፊርማ ባልፈለገው ነበር።

ገማቹ ነጭ ጨርቅ ካለበሰው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ ስስ ጓንት አጥልቆ፣ አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ ሰክቶ። ታላቁ ከረባቱን አሳምሮ ቀድሞ ደርሷል።

«መጣህ እጀ ሰባራ? ዛሬ እንኳ እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ተቀመጥ!» አለና ሳቀ። ገማቹም ለይሉኝታ ሳቀ።

«እሺ ጋሼ።»

ገማቹ መንኮራኩሯን ገለበጣት። ሆዷ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ምልክት አየ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ መረመረ፣ መዘናት፤ መጨረሻ ላይ እንደ ትኩስ ዳቦ አሸተታት። «አሮጌ ፕላስቲክ የራሱ ሽታ አለው» አለ። «አስመስለው የሚሠሯት ሌላ ነው የምትሸተው። ይቺ እውነተኛዋ ናት።» ከዚያ ወደ እግሮቿ ወረደና ተነፈሰ። «ጉድ እኮ ነው! ሦስቱም? ስንቷ በእጄ አለፈች፤ እግሯ ያልተሰበረ ግን አላየሁም። በዚህ ብቻ ዋጋዋ እጥፍ ይሆናል።» ወረቀቱን ሳበ። ጥገና ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ብሎ ጻፈ።

ታላቁ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። «እኔ ድሮም ለዕቃ ጥንቁቅ ነኝ። ይሄን ወንድሜን እንኳ አላስነካውም ነበር። የያዘውን ሁሉ ይሰብራላ! አባታችን ስንቴ ገርፎታል መሰለዎት!»

ለታናሹ ሱቁ ታየው። በሩ፣ ቁልፉ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆምበት ጣሪያ። ሆድ ይፍጀው አለ ለራሱ። ሆዱ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲፈጅ ኖሮ እምቢ አለው።

«ጋሼ፣ ማን ነው የሰበራት?»

«ምኗን?»

«ግንባሬ ላይ። ማን ነው የሰበራት?»

«ደሞ ምን አመጣህ? መች ተሰብራ ታውቃለች?»

ዓይኑን ትክ ብሎ አየው። ወንድሙ አልዋሸም፤ ረስቶታል። ደሙ የፈላው ያኔ ነው። ቢዋሽ ይሻለው ነበር። ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል።

ከደረት ኪሱ ካቻቢቴውን መዘዘ።

«ኧረ በፈጣሪ! ኧረ ጓንት ያድርጉ!» ገማቹ ተነሣ።

አልሰማውም። ጫፉን ከሦስተኛው እግሯ ሥር አስገብቶ ሩብ ዙር ወደ ግራ አዞረው፤ ያኔ ሲሠራው እንደዚያ እንዲወጣ አድርጎ ነው የሠራው። እግሩ መዳፉ ላይ ጠብ አለ። ከመንኮራኩሯ ሆድ ተደብቆ በኖረው ጫፍ ላይ የተቆረጡ ጥርሶች ጉቶ ተደርድሯል።

«ይቁጠሩ» አለው ለገማቹ። «የእናቴ ማበጠሪያ ነው።»

ገማቹ በማጉያው አየ፤ ደግሞ አየ። «አራት ጥርስ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ «የለም» ያለውን ሰረዘ። «ይቅርታ፣ እጥፉ መቅረቱ ብቻ ሳይሆን ዋጋዋ ከመነሻውም ይወርዳል።»

«አብደሃል?» ታላቁ ጠረጴዛውን መታው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! የራስህንም ድርሻ እኮ ነው ያቃጠልከው፣ ደንቆሮ! ሰባሪ ስልህ!»

«ዛሬ እኔ ሰብሬያታለሁ። ያኔ ግን አንተ ነህ።» ጋሼ አላለውም።

ገማቹ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተጠግኗል ብዬ መጻፍ ግዴታዬ ነው። ጠጋኙን ያልታወቀ ልበለው?»

«ይታወቃል!» ስሙን ከነአባቱ ከነአያቱ፣ ፊደል በፊደል አስጻፈው።

«የአባቴን ስም በማይረባ ስባሪ ላይ!» አለ ታላቁ።

«ስሙ የኔም ነው። በአለንጋ ነው ያወረሰኝ።»

ሁለቱም ፈረሙ። ሳይሰነባበቱ ተለያዩ።

ደረጃው ሥር ሚስቱ ቆማ ስትጠብቅ አገኛት። ወረቀቱን ነጥቃ እስከ መጨረሻው አነበበች፤ ስሙ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፣ ከዚያ ቁጥሩ ጋ ደረሰች።

«ሱቁስ?»

«ቀረ።»

«ሆድ ይፍጀው አላልኩህም?»

«ፈጀው። አልበቃውም።»

«ስምህ በር ይሆነናል?» አለችና ወረቀቱን ደረቱ ላይ ጥላለት ሄደች። አልፈረደባትም፤ አልተከተላትምም።

ጎንበስ ብሎ ገባ። ከላይ አንድ ሰው እየሮጠ ወረደ፤ አቧራው አንገቱ ላይ ረገፈ። ወረቀቱን ከግድግዳው አስጠግቶ ምስማር አነሣ። በአንድ ምት የሚገባውን ምስማር፣ ግንቡ እስኪፈረፈር ድረስ አምስቴ መታው።