የበለዘው ክንድ

ምላሷ ስለሚወጋ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ሥራዋም ልብስ ስፌት ነው። የሱቋ የብረት በር ክንዷን ከመታት ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ በለዘ፤ ዛሬ ደግሞ ዳር ዳሩ አረንጓዴ ሆነ። ሳይመረቅዝ አልቀረም ብላ፣ ላቦራቶሪ የሚሠራው የአክስቷ ልጅ ዘንድ ሄደች።

«ከማን ጋር ተደባድበሽ ነው?» አላት።

«ከበር ጋር። እሱን አላየኸውም እንጂ እያነከሰ ነው።»

ሳቀና ክንዷን ወደ ብርሃን ሳብ አደረገው። «መዳኑ ነው። የፈሰሰውን ደም ሰውነትሽ እየፈታው ነው፤ አረንጓዴው የዚያ ነው። ሲፈታው ጋዝም ይወጣዋል፣ ቁንጣሪ የምታህል። እብጠቱን ‹በቃህ፣ ተረጋጋ› ከሚሉት አንዱ ያ ጋዝ ነው።»

«የምን ጋዝ?»

አፉ ቀደመው። «ካርቦን ሞኖክሳይድ። ያው የከሰሉ...» ምላሱን ነከሰ፤ ግን ካመለጠው በኋላ ነው።

ታናሽ ወንድሟ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በከሰል ታፍኖ ነው። ማንደጃውን ክፍሉ ያስገባችው እናታቸው ናት። መስኮቱን ንፋስ ዘጋው ተባለ። ንፋስ! «እታለም፣ በረደኝ» ሲላት በዚሁ ክንድ ስባ የዘጋችው እሷ ናት። እናቲቱ ለመጣ ለሄደው «ልጄን በገዛ እጄ» ትላለች፤ መርፌም ያን ሁሉ ምላስ ይዛ ዝም ብላ ትሰማለች።

ወደ ቤት ስትመለስ ክንዷን የሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው ከራሷ አርቃ ሄደች። ጋዙ ሽታ የለውም ይባላል፤ እሷን ግን ሸተታት። ከቆዳዋ ሥር ቀጭን ድምፅ «እታለም» ይላል። ስትቆም ይቆማል፤ ስትሄድ ይከተላል። ለእኔ ማስታገሻ፣ ለእሱ መግደያ! ቁንጣሪውን ለእኔ፣ ጆንያውን ለእሱ ያደላደለው ማነው? ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ግን ታውቀው ነበር።

እናቷ የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር።

«እማዬ፣ መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

እናቲቱ ያጠፈችውን አንሶላ መልሳ ፈታችው። «ድገሚው።»

«የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ድገሚው።»

ሦስተኛው ላይ ምላሷ ተሳሰረ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ስል» አለች እናቲቱ በዝግታ፣ «አንቺ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ቁልፍ ትተክዪ ነበር።»

ሂጂ አልተባለችም፤ ነዪም አልተባለችም። እናቲቱ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ዘረጋችላት፤ ያዘችው። ሁለቱም ወደ ኋላ እየሳቡ ወጠሩት። አንሶላው ግን፣ ሰው እንደተኛበት ሁሉ፣ መሃሉ ላይ ረገበ። አንዳቸውም አልለቀቁም።