የይሄነው ቀን መራጭ

ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ባመሰበት ዓመት፣ አሚራ መካነ ሰላም ከብት በሚያስከትብ አንድ ቢሮ በሙከራ ተቀጠረች። ከሪያድ መልስ ደሴ ኮምፒውተር ተምራለች፤ ፐርል የሚባለውን የኮድ ቋንቋም ታውቃለች። ማወቋንም ታውቃለች፤ ችግሩ እሱ ነበር።

ከእሷ በፊት የነበረው ይሄነው ሲዛወር ኮዱን ትቶ ሄዷል። በውስጡ ለየቀበሌው የክትባት ቀን የሚመርጥ፣ ፋንክሽን የሚሉት አንድ የኮድ ክፍል አለ። ለአንዱ ቀበሌ ወር በገባ በ11፣ በ20፣ በ28 ይሰጣል፤ ለሌላው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ። ለምን እንደሆነ አንድ መስመር ማብራሪያ የለውም።

"ምን ዓይነት ቀልድ ነው!" አለች አሚራ።

የሰው ኮድ መነካካት ነውር ነውና የእሱን ፋይል አልነካችም፤ በራሷ ፋይል በዚያው ስም ሌላ ፋንክሽን ጽፋ የእሱን ሻረችው። የእሷ ያገኘውን የሥራ ቀን ዝም ብሎ ይሰጣል። ፐርል ምስኪኑ "ይህ ፋንክሽን ቀድሞም አለ፤ እየተካሽው ነው" ብሎ አስጠነቀቃት። ጨዋ ልጅ ናትና አልተጨቃጨቀችም፤ ማስጠንቀቂያውን የሚዘጋ መስመር ጨመረች።

በይሄነው ጊዜ አምስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው የክትባት ዘመቻ፣ ፕሮግራሙ በሦስት ሳምንት ታጥፎ ታተመ። ኃላፊው አቶ ብዙነህ ደስ ብሏቸው የቋሚነት ደብዳቤዋን አስጻፉ።

ማክሰኞ ከታቢው ጀብሪል ክትባቱ ያለበትን የበረዶ ሳጥን ተሸክሞ ሁለት ሰዓት በእግሩ ሄደ። አንድ በሬ አላገኘም፤ ሐምሌ ነው፣ ሁሉም እርሻ ላይ ነው። በማግስቱም ሌላ ቀበሌ ሄዶ እንዲሁ ተመለሰ። አቶ ብዙነህ ሰነፈ ብለው ለእሱም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አዘዙ።

"እኔ ምን ላድርግ?" አለ ጀብሪል ለአሚራ። "እማማ ቦጋለች የሚባሉ ሴትዮ፣ 'የተከተበ በሬ በማግስቱ አይጠመድም። የፊተኛው ልጅ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለወልድ ዋዜማ ነበር የሚልክህ፤ በበዓሉ በሬውም እኛም እናርፋለን' አሉኝ። በኛ በኩል ደግሞ የሚታረፈው ጁምዓ ነው፤ ይሄ አንቺን ይጠፋሻል?"

አሚራ ፊቷ ቀላ። የከላላ ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ አንድም ጁምዓ ሲያርሱ አላየችም።

ደብዳቤዋ ገና አልተፈረመም። ዝም ካለች እሷ ቋሚ ትሆናለች፣ ጀብሪል ይቀጣል። ከኃላፊው በር ላይ ሁለት ጊዜ ተመልሳ በሦስተኛው ገባች።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። የይሄነውን ሥራ ሳይገባኝ ሻርኩት። ኮምፒውተሩም አስጠንቅቆኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት። ዘመቻው አምስት ሳምንቱን ይፈልጋል።"

አቶ ብዙነህ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። የጀብሪልን ደብዳቤ ቀደዱ። የእሷን ፈረሙበትና መሳቢያ ውስጥ ቆለፉት።

"አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ትወስጂዋለሽ" አሏት። "እስከዚያ ከጀብሪል ጋር ትወጫለሽ። ሳጥኑን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።"